ለባሕር ዳሩ ቤታችን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ስንገዛ ያየሁት አገልግሎት

ባሕር ዳር ላይ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሊገዛ ያሰበ ሰው ከሱቅ ባይጀምር ይሻለዋል። ማሽኑ ሲበላሽ ከሚጠግነው ሰው ይጀምር። እኔ የምኖረው ዴንቨር ነው። ዘንድሮ ዕረፍቴን ሽምብጥ፣ እናቴ ቤት አሳለፍኩ። ከዕረፍቱ ጥሩ የሚባለው ክፍል በዚህ ማሽን ጣጣ አለቀ፤ ግን አልቆጨኝም። ከውጭ ሆኖ ገንዘብ መላክና አብሮ ዞሮ መግዛት ለየቅል ናቸው። ለሌላው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ያየኋቸውን አገልግሎቶች ልንገራችሁ። የሱቅም የሰውም ስም አልጠራም።

የድሮው ማሽን ከፊት የሚከፈት ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ አልነሳ አለ። ጎረቤት ቴክኒሻን ጠቆመችን። ወጣት ልጅ ነው፣ ቦርሳውን አንግቶ በቀጠሮው ሰዓት ደረሰ። ይህን የምለው በቀጠሮው ሰዓት የደረሰ ሌላ ሰው ስላላየሁ ነው። የጀርባውን ብሎኖች ፈታ፣ ማሽኑን የሚያዘውን ኤሌክትሮኒክ ቦርድ አወጣና በረንዳ ላይ ፀሐይ አስመትቶ አሳየን። አንዱ ጥግ ጠቁሯል፣ መዳቡ ተልጧል። ቀጥሎ ከበሮውን በእጁ አሽከረከረው። ሸርሸር የሚል ድምፅ አለው።

«እማማ፣ እስቲ ይስሙት» አላት።

«ኩሽኔታው አልቋል» አለች እናቴ፣ ሳትጠጋ።

ልጁ ሳቀ። እናቴ ጡረታ የወጣችው ከባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። በ1950ዎቹ የተቋቋመው ያ ፋብሪካ በከተማው ውስጥ በድምፅ ብቻ ማሽን የሚያውቁ ብዙ ሰዎችን አፍርቷል። እሷም አንዷ ናት።

ልጁ ቦርዱን ልቀይርላችሁ ብሎ ሊያስከፍለን ይችል ነበር። አላደረገውም። አዲስ ቦርድ ውድ ነው፣ የሚከላከልለት ነገር ከሌለ ደግሞ በሚቀጥለው ኃይለኛ መብራት ይቃጠላል። ከበሮው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታም የባሰ ነው። የእኛ ማሽን ገንዳው በፋብሪካ ተበይዶ የተዘጋ ዓይነት ስለሆነ፣ ኩሽኔታ ለመቀየር ገንዳውን መቁረጥ ይጠይቃል። ገንዳው በብሎን የሚታሰር ማሽንም አለ፤ እሱ ይፈታል፣ ይገጠማል። ይህን ነገር በሱቅ ውስጥ ማንም አይነግራችሁም። የመፈተሻውን ዋጋ ብቻ ተቀብሎ ሊሄድ ሲል፣ አንተ ለእናትህ ብትገዛ የትኛውን ትገዛለህ ብዬ ጠየቅኩት። ቁጭ አለ። ቡና ተፈላ። ከጠቅላላው ጉዞ የበለጠ የረባኝ ያ ወሬ ነው።

መጀመሪያ ያየው ማሽን አልነበረም፣ ሮቶውን ነው። የእናቴ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ስለዚህ ቤቱ የሚኖረው ከሮቶ ነው። ሮቶው የቆመበት ብረት ከቧንቧው ሦስት ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ አንድ ባር ግፊት ይሰጣል፤ የእኛ እንግዲህ 0.3 ባር መሆኑ ነው። የአንዳንዱ ከፊት የሚከፈት ማሽን መመሪያ ቢያንስ 0.5 ባር ይላል። ውሃው ቀስ እያለ ሲገባ ማሽኑ ውሃ የለም ብሎ ስህተት ያወጣና ይቆማል። የድሮው ማሽናችን በየጊዜው እየጮኸ ሲያስቸግር የከረመው ለዚህ ነበር። ፓምፕ ቢገጠም ይፈታል፤ ግን ፓምፑም መብራት ይፈልጋል።

ቀጥሎ መብራቱ። ከፊት የሚከፈቱት አብዛኞቹ ውሃ ያሞቃሉ። ማሞቂያው 2000 ዋት አካባቢ ይስባል። ምጣድ ተጥዶ ማሽኑ ከተነሳ ብሬከሩ ይወርዳል። ለእሱ የሚመጥን ስታብላይዘር፣ ማለትም ከፍ ዝቅ የሚለውን መብራት የሚያመጣጥን ዕቃም ትልቅና ውድ ነው። ከላይ የሚከፈቱት ግን ብዙዎቹ ማሞቂያ የላቸውም። ሞተራቸው ብቻ ስለሚሠራ 500 ዋት አካባቢ ይበቃቸዋል። ባሕር ዳር ደግሞ ብርድ አገር አይደለም፤ በቀዝቃዛ ውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። ማድረቂያ የሚፈልግ ሰው ክረምት ላይ ካልሆነ አይገባኝም።

ልጁ ሌላም ነገር አነሳ። መብራት ሲጠፋ ከፊት የሚከፈተው ውሃ እንደያዘ ተቆልፎ ይቀራል። ከታች ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍቶ ውሃውን በቀጭን ቱቦ ማንጠባጠብ ነው ያለው አማራጭ። እናቴ ጎንበስ ብላ ያን ታድርግ ማለት ነው? አይሆንም። ከላይ የሚከፈተው ክዳኑን ማንሳት ነው፣ ልብሱን አውጥቶ በእጅ መጨረስ። ውሃ ከጠፋም በባልዲ ይሞላል። ጉዳቱ ውሃ ይበላል። ከፊት የሚከፈት ሰባት ኪሎ ማሽን ለአንድ ዙር 50 ሊትር ገደማ ቢበቃው፣ ከላይ የሚከፈተው እጥፍም ከዚያም በላይ ይወስዳል። ይህን አውቀን ነው የገባንበት።

ባለ ሁለት ገንዳውን ያላሰብን እንዳይመስላችሁ። ዋጋው ቀላል ነው፣ ውስጡም ውስብስብ አይደለም፣ ሰፈሩ ውስጥ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ግን እናቴ በዋናነት የሚያስቸግራት ጋቢ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ድንጋይ ያህላል። የባለ ሁለት ገንዳው መጭመቂያ ጠባብ ስለሆነ አይችለውም። በዚያ ላይ ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው እርጥብ ጋቢ ማንሳት ለወገቧ አይሆንም።

አንድ የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ በኮንቴይነር ላክላት ብሎኝ ነበር። ይህ ሐሳብ አሁንም በብዙ ቤት ይነሳል፣ ስለዚህ ልናገር። የአሜሪካ ማሽን የሚሠራው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን በትራንስፎርመር ትቀንሱታላችሁ፤ ኸርዙን፣ ማለትም መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር፣ ግን ትራንስፎርመር አይቀይረውም። መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ሱቆቹ። ግሽ ዓባይ አካባቢና በዋናው መንገድ ዳር የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሞልቷል። የመጀመሪያው ሱቅ አቀባበሉ ያማረ ነው፤ ወንበር ይሰጣሉ፣ ውሃ ያቀርባሉ። ሻጩ ግን እኔን ብቻ ነው የሚያናግረው። ከውጭ መምጣቴ ከጫማዬ ሳይታወቅ አልቀረም። «እህቴ፣ ይሄ ኢንቨርተር ነው፣ 10 ዓመት ዋስትና አለው» አለኝ። ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጠጋ ብዬ አነበብኩት። 10 ዓመቱ ለሞተሩ ብቻ ነው። ኢንቨርተር ሞተር ካርቦን ስለሌለው ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ይህ እውነት ነው። ቤት ውስጥ የሚቃጠለው ግን ሞተሩ አይደለም፣ ቦርዱ ነው። ቦርዱስ? ስለው ዝም አለ። እናቴ በበኩሏ ክዳኑን ከፍታ፣ «ውሃ መሀል ላይ ቢጠፋ ይሄ ምን ይሆናል?» አለችው። «አይጠፋም እማማ» አላት። ወጣን።

ሌላው ሱቅ ዋጋው በደረሰኝና ያለ ደረሰኝ ይለያያል። 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ «እንቀንስላችሁ» ማለታቸው ነው። ሲሰሙት ውለታ ይመስላል። ደረሰኝ ከሌለ ግን ዋስትናውም የለም፣ የምትከራከሩበት ወረቀትም የለም። እዚህ ላይ እኔ ድርድር አላውቅም።

ከላይ የሚከፈተውን የገዛነው ከአንዲት ትንሽ ሱቅ ነው። ሻጯ ብዙ አታወራም። ማሽኑን በባልዲ ውሃ ሞልታ፣ ሶኬት ላይ ሰክታ፣ እየሠራ አሳየችን። ለቴክኒሻናችን ደውለን በስልክ አገናኘናቸው። ከሞተሩ ወደ ከበሮው ስለሚዞረው ቺንጋና ስለ ውሃ ማስገቢያው ቫልቭ ጠየቃት። ሁለቱም ሱቋ ውስጥ ነበሩ፣ አውጥታ አሳየችን። የሌላት መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እንደሚመጣ፣ መንገዱ እንደ ሁኔታው ስለሆነ ቀን ቆርጣ እንደማትናገር ነገረችን። ለእኔ ይህ ከ10 ዓመቱ ተለጣፊ ይበልጣል። ዋስትናው የአንድ ዓመት ነው፣ ማኅተም ያለበት፣ የማሽኑ ቁጥር የተጻፈበት። በቴሌብር ከፈልን።

ዋጋውን የምጠየቅ ይመስለኛል። የብር ምንዛሬ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ስለሚቀያየር፣ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ሰው ያሳስታል። የምመክረው ግን የስታብላይዘሩንና የገጠማውን ወጪ ከመጀመሪያው ደምራችሁ እንድትሄዱ ነው። ስታብላይዘር ስትገዙ ደግሞ መብራት ሲመለስ ወዲያው የማያስተላልፍ፣ ትንሽ ቆይቶ የሚለቅ መሆኑን ጠይቁ። የድሮውን ማሽን የገደለው ያቺ የመጀመሪያዋ ብልጭታ ናት።

ማጓጓዣው ላይ ተናድጃለሁ። የጭነት ባጃጁ ሹፌር ጎበዝ ነው፤ ማሽኑን አቁሞ አስሮ፣ ጉድጓድ ሲያይ እየቀነሰ አመጣልን። በር ላይ ስንደርስ ግን ያልጠራናቸው ጫኝና አውራጆች ከበቡን። ማውረድ የእኛ መብት ነው አሉ። የጠየቁት ከማጓጓዣው በላይ ነው። እኔ ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት እናቴ እጄን ያዘችኝ። አንደኛውን በአባቱ ስም ጠራችው። ነገሩ ባንዴ ረገበ፤ ተመጣጣኝ ሂሳብ ተቀብለው እስከ ውስጥ ድረስ በጥንቃቄ አስገቡልን። እሷ ባትኖር ምን እንደምከፍል እግዜር ይወቀው።

የቧንቧ ሠራተኛው ሥራው ጥሩ፣ ሰዓቱ መጥፎ ነው። ጠዋት ያለው ከሰዓት መጣ። የማሽኑ ቱቦ ሦስት አራተኛ ኢንች ነው፣ የቤቱ ቧንቧ ግማሽ ኢንች። ማገናኛውን ይዞ ስላልመጣ እንደገና ገበያ ሄደ። ከተመለሰ በኋላ ግን ቴፍሎኑን ጠምጥሞ ሲያስር አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ማሽኑ ውሃ የሚያስወጣበት ፓምፕ የለውም፤ ውሃው በራሱ ቁልቁል ነው የሚወርደው። አንድ የሚበላሽ ነገር ቀነሰ ማለት ነው። ግን ቱቦው መሬት ላይ መተኛት አለበት። ሠራተኛው ይህን አይቶ ራሱ ሐሳብ አመጣ፤ ከስሚንቶ ዝቅተኛ መደብ ሠራና ማሽኑን ከፍ አደረገው። አሁን የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ሳፋ ውስጥ ይወርዳል። እናቴ ግቢውን የምታጥበው በእሱ ነው። ብዙ ውሃ ይበላል የሚለው ቅሬታዬ በግማሽ ተነሳ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን የጠራነው ቴክኒሻኑ አጥብቆ ስላሳሰበን ነው። ቤቱ የቆየ ስለሆነ ሶኬቱ የመሬት ሽቦ አልነበረውም። የድሮው ማሽን እርጥብ እጅ ሲነካው ይነዝር ነበር፤ እናቴ «ትንሽ ነው፣ ለመድኩት» ትል ነበር። የማይለመድ ነገር ነው። ከግቢው ጥግ ዘንግ ተቀብሮ ሽቦ ተዘረጋ፣ ለማሽኑ ብቻ የራሱ ብሬከር ተገጠመ። ከሁሉም ወጪ ሳላቅማማ የከፈልኩት ይህን ነው። ሠራተኛውም ሲጨርስ ለክቶ አሳየን።

ማሽኑ እስኪመጣ ልብሳችንን ላውንደሪ ሰጥተን ነበር። አንሶላና ፎጣ በደንብ ይሠራሉ፣ ተጣጥፎና ተተኩሶ ይመለሳል። የሐበሻ ልብስ ግን አትስጧቸው። የእህቴ ነጠላ ጥለቱ ቀለም ለቆ ተመለሰ። ይቅርታ ጠየቁ፣ የአጠባውን ሂሳብ መለሱ። ነጠላው ግን ነጠላ አልሆነም።

ስለ ሳሙና አንድ ነገር ልጨምር። በእጅ ለማጠብ የሚሸጠው ኦሞ አረፋው ብዙ ነው። አረፋ ሲበዛ ደግሞ ማለቅለቅ ይበዛል፣ ውሃም ያልቃል። ከረጢቱ ላይ ለማሽን የሚል ያለበትን ግዙ፤ ካልተገኘ ያንኑ በጣም አሳንሶ መጨመር ነው። ጋቢ ሲታጠብም ብቻውን አይግባ። ወደ አንድ ጎን ስለሚከመር ማሽኑ ሲጨምቅ ይዘላል። ሁለት ፎጣ ቢጨመርለት ይረጋጋል። ብናኙን የምትይዘው ከረጢት ከጋቢ በኋላ ሁልጊዜ ጥጥ ትሞላለች፤ ገልብጦ ማራገፍ ነው።

የሱቋን የዋስትና አገልግሎት ብቻ ልመዝነው አልቻልኩም። ማሽኑ እስካሁን አልተበላሸም።