ፓይስቲ 2002፣ የ1970ዎቹ ባለ 20 ኢንች ራይድ፦ «የጀማሪ ነሐስ» ላላችሁን ሻጮች

2002 ፓይስቲ የተባለው ድርጅት የሚሠራው ሲምባል፣ ማለትም ከድራም ጋር የሚመታ የነሐስ ሳህን ነው። አሮጌ 2002 ልግዛ ያለ ሰው መጀመሪያ ከሻጮች የሚሰማት ምክር «ተወው፣ እሱ እኮ ቢ8 ነው» የምትል ናት። ቢ8 ማለት 92 በመቶ መዳብ፣ 8 በመቶ ቆርቆሮ ያለው ነሐስ ነው። ከጀማሪ ድራም ጋር በካርቶን ታሽገው ከሚሸጡት ሲምባሎች ብዙዎቹ ከዚሁ ነሐስ ስለሚሠሩ ስሙ ጠፍቷል። የተከበረው 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ቆርቆሮ ያለው ቢ20 ነው፤ የዚልጂያን ቤተሰብ ከቁስጥንጥንያ ጀምሮ ስም ያተረፈበት። ይህ ራይድ (የዘፈኑ ምት የሚጠበቅበት ትልቁ ሲምባል) ለወራት ልምምድ ላይም መድረክ ላይም ሲደበደብ ከርሟል፤ ሻጮቹ ስለ ቅይጡ የሚሉት ትክክል ቢሆንም ስለ ሲምባሉ የሚሉት ግን ስህተት ነው።

የአመጣጡን ነገር ማን ይንገራቸው? (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የፓይስቲ ቤተሰብ ሥሩ ኢስቶኒያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፖላንድ ከዚያም ጀርመን ተሰደደ፤ በ1957 ደግሞ ስዊዘርላንድ፣ ኖትቪል ላይ ሥራ ጀመረ። በ1959 ያወጣው ፎርሙላ 602 የተባለ ሲምባል ቢ20 ነበር። በ1967 ለአምፕሊፋየር ዘመን ጯሂ ሙዚቃ ጃየንት ቢት የተባለውን ሲምባል ሲያመጣ ግን ወደ 8 በመቶው ነሐስ ዞረ፤ በ1971 የወጣው 2002ም በዚያው ቀጠለ። ቢ20 መሥራት እያወቁ ቢ8ን የመረጡት ለድምፁ ብለው ነው፤ 2002 የድርጅቱ ከፍተኛ ምርት ሆኖ ነው የተሸጠው። የሮክ ባንዱ የሌድ ዘፕሊን ድራመር ጆን ቦንሃም 24 ኢንች ራይዱም፣ ሳውንድ ኤጅ የተባለው 15 ኢንች ሃይ ሃቱም (በእግር የሚከደኑት ጥንድ ሲምባሎች) ከዚሁ መስመር ነበሩ። እሱን ጀማሪ የሚል ሻጭ ካለ ይምጣና እንነጋገር።

ልዩነቱ መዶሻው ላይ ነው። 20 በመቶ ቆርቆሮ ያለው ነሐስ ሳይግል ተሰባሪ ስለሆነ የሚሳሳው እየጋለ ሲዳመጥ ነው። 8 በመቶው ሳይግል ይዳመጣል፤ በላሜራ መጥቶ በክብ ይቆረጣል። እስከዚህ ድረስ ርካሹና ውዱ አንድ ናቸው። ከዚያ ርካሹ በፕሬስ ቅርፁን ይዞ፣ ማሽን ለይስሙላ ነካክቶት ይወጣል። 2002ን ግን ባለሙያው በእጁ እያዞረ ከመዶሻው ሥር ቅርፅ ያስይዘዋል፤ ቀጥሎ ቶርኖ ላይ ይላጫል። መዶሻው ብረቱን ያጠነክረዋል፣ ውጥረት ያስገባበታል፤ ሲመታ ዝም ብሎ እንደ ድስት ክዳን እንዳይንጫጫ የሚያደርገው ይኸው ውጥረት ነው።

ያልተጠበቀው ነገር ባንድ ውስጥ የሚሰጠው ድምፅ ነው። ብቻውን ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲመታ ሹል ነው፣ ጆሮ ይወጋል፤ ሱቅ ውስጥ ሞክሮት አልወደድኩትም የሚል ሰው አይፈረድበትም። ባስና ሁለት ጊታር ሲገቡበት ሹልነቱ ይጠፋና እያንዳንዱ ምት ተለይቶ ይሰማል፣ እጅ ሳይጨመርበት። ከኋላው የሚቀረው እንጉርጉሮ ጥቂት ስለሆነ ፈጣን ምት አይደበላለቅም። ጫፉ እንጨት የሆነ 5ኤ ስቲክ (መካከለኛ ውፍረት ያለው የድራም ዱላ) ይበቃዋል፤ የናይለን ጫፍ ያላችሁ ሌላ ሲምባል ፈልጉለት። ቀረጻ ላይ ከላይ ከሚሰቀሉት ማይኮች ቀጭኑን ድምፅ (ትሬብሉን) ትንሽ መቀነስ እንጂ መጨመር አያስፈልግም። ለስለስ ላለ ጃዝ ግን አይሆንም። መሃል ላይ ያለው ጉብታ፣ ቤል የምንለው፣ አንድ ጊዜ ከተመታ ፒያኖውን ይሸፍነዋል።

የመጀመሪያዎቹ 2002ዎች ጽሑፋቸው በጥቁር ቀለም ነው፣ ቀዩ ኋላ የመጣ ነው። ለጥቁሩ ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠይቅ ሻጭ ቀለም ድምፅ እንደማያወጣ ቢነገረውም አይሰማም። «አቧራው ድምፁን አብስሎታል» የሚለው ደግሞ ይብሳል! በቶርኖ መስመሮቹ ውስጥ የተጋገረ ላብና ቅባት ቀጭኑን ድምፅ ያፍናል፣ ሌላ ጥቅም የለውም። ለብ ባለ ውሃ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና አድርጋችሁ፣ መስመሮቹን ተከትላችሁ በክብ እሹት፣ ወዲያው አድርቁት። የነሐስ ማስወልወያ ጽሑፉን ይዞት ይሄዳል። በሞተር መወልወል ደግሞ ያግላል፤ መዶሻው ያስገባውን ውጥረት ሊያላላው ይችላል።

ከመግዛታችሁ በፊት መሃሉን ቀዳዳ እዩ። ሲምባሉ ያለ ፕላስቲክ ቱቦ በብረት ዘንግ ላይ ከኖረ ቀዳዳው በአንድ በኩል ተበልቶ የቁልፍ ቀዳዳ ይመስላል። ጥቂት ከሆነ ድምፅ አይለውጥም፤ ቱቦ አልብሱት፣ ከላይም ከታችም ፌልት (ለስላሳ የሱፍ ማስደገፊያ) አድርጉ፣ ዳዶውን ሲምባሉ እስኪወዛወዝ አላሉት። ከዚያ ጥፍራችሁን በጠርዙ ዙሪያ አስኪዱ። ጥፍር የሚይዝ ትንሽ ጭረት በደቃቅ ሞረድና በ400 ከዚያ በ600 ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ከጠርዝ ወደ ውስጥ የገባ ስንጥቅ ከሆነ፣ ከሚታየው ጫፉ ትንሽ አለፍ ብሎ በ3 ሚሊ ፑንታ መብሳትና ቀዳዳውን ማለስለስ ግስጋሴውን ይገታዋል፤ ልክ ጫፉ ላይ ከተበሳ ግን ዓይን ያላየው ቀሪ ስንጥቅ በሌላ በኩል ይቀጥላል። በቶርኖ መስመር ተከትሎ በክብ የሄደውን ወይም ከቤሉ ሥር የተነሳውን በነፃ ቢሰጧችሁም ተዉት።

እኔ ይህን ራይድ በአዲስ ቢ20 አልለውጠውም። ክራሹንም (ለድንገተኛ ፍንዳታ ድምፅ የሚመታውን ሲምባል) ከዚሁ ዘመን እየፈለግሁ ነው፤ 16 ኢንች፣ 1 ኪሎ ግድም የሚመዝን። ከዚያ በጣም የከበደ ከሆነ ድምፁ ቶሎ አይከፈትም፣ ለመክፈትም በኃይል ስለሚመታ ጠርዙ ቀድሞ ይሰነጠቃል።