ሥዕሉ ተፋቀ፣ ቦርዱ ቀረ፦ የድሮ ቅርጽ ስኬትቦርድ ከወራት በኋላ

ይህን ቦርድ የገዛሁት ለሥዕሉ ብዬ ነው። መደበቅ አያስፈልግም። በ1980ዎቹ ስኬትቦርድ ሲገፋ ያደገ ሰው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ከቦርድ ሆድ ላይ የራስ ቅል፣ ዘንዶ ወይም መዳፉ ላይ አፍ ያለው እጅ ሲያይ ልቡ ይቀልጣል። ከልቡ ቀጥሎ ደግሞ ኪሱ። አምራቾቹ ይህን አሳምረው ያውቁታል። ለዚህም ነው የዚያን ዘመን ቦርዶች በዚያው ቅርጽ፣ በዚያው ቀለም እንደገና እየሠሩ የሚሸጡት።

የኔን አምራች ስም አልጠራም። የምለው ለአብዛኞቹ ይሠራል፣ ቅርጻቸው ይቀራረባልና። ወርዱ 10 ኢንች ነው፤ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ርዝመቱ 30 ኢንች አካባቢ። ጅራቱ ሰፊ፣ አፍንጫው አጭር። እንጨቱ ሰባት ንብርብር ሜፕል። ከሥሩ በግራና በቀኝ የፕላስቲክ ሐዲድ አለው፣ ጅራቱ ሥር ደግሞ ወፍራም የፕላስቲክ መከላከያ። ዛሬ ልጆቹ የሚነዱት ቦርድ 8 ኢንች ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። አፍንጫውና ጅራቱም ለመለየት እስኪያስቸግሩ ይመሳሰላሉ።

እንዲህ ያለ ቦርድ ገዝተው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉ ብዙ ናቸው። አልፈርድባቸውም፤ ያምራል። እኔ ግን ነዳሁት። አንድ ቅዳሜ ሞክሬው ሳይሆን ወራት ሙሉ፣ አስፋልት ላይም፣ ቦውል በሚባለው እንደ ባዶ ገንዳ ጎድጉዶ በተሠራ ሜዳ ውስጥም።

ገና ስገጣጥመው ያስቸገረኝ ብሎን ነው። ትራኩ (ጎማዎቹን ይዞ ከቦርዱ ሥር የሚታሰረው ብረት) የሚታሰርባቸው አራት ቀዳዳዎች በድሮ ቦርድ ላይ ከዛሬው ሰፋ ብለው ነው የተበሱት። በቁመት የድሮው 2.5 ኢንች፣ የአሁኑ 2.125 ኢንች ነው። እንደገና ከተሠሩት ውስጥ አንዳንዱ በድሮው ልክ ይመጣል፣ አንዳንዱ በአዲሱ። የኔ በድሮው ነበር። ቤት ያሉኝ ትራኮች አራት ቀዳዳ ብቻ ስላላቸው አልገቡም። መሠረታቸው ላይ ስድስት ቀዳዳ ያላቸው ትራኮች ግን ለሁለቱም ይሆናሉ፤ እነሱን አሰርኩበት። ሻጩ ስለዚህ ነገር አንድ መስመር ጽፎ ቢሆን ምን ነበረበት? ስለ ሥዕሉ ታሪክ ሦስት አንቀጽ ጽፏል።

የትራኩም ወርድ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሰፊ ቦርድ ላይ ጠባብ ትራክ ካሰራችሁ ጎማዎቹ ከጠርዙ በጣም ወደ ውስጥ ይገባሉ። ያኔ ጠርዙን ስትረግጡ ቦርዱ ይገለበጣል። በዚያ ዘመን ብዙዎች የሚወዱት ኢንዲፔንደንት 169 የሚባለው ትራክ አክሰሉ ከ9 ኢንች ትንሽ ይበልጣል። ለ10 ኢንች ቦርድ ከዚያ ያነሰ አልመክርም።

አሁን ወደ ጎማው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የድሮው ቦርድ ነፍስ ያለው እዚያ ነው።

እኔ የገጠምኩት 60 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዘመኑ መለኪያ። የዛሬ የመንገድ ስኬተር 52 ወይም 54 ይጠቀማል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይማ ጉድ ነበር። ጎማው ከ40 ሚሊ ሜትር በታች ወርዶ ነበር፤ ቦርዱን በእግር ማገለባበጥ ከመሄድ በልጦ። በዚያን ጊዜ ነው ብዙ የኔ እድሜ ሰዎች የተዉት። እኔም አንዱ ነኝ። በዚያ ትንሽ ጎማ አንዲት ጠጠር ካገኘችህ ቦርዱ ይቆማል፣ አንተ ትቀጥላለህ።

ትልቅ ጎማ ጠጠሩን ይሻገረዋል። ይህን ረስቼው ነበር። ሻካራ አስፋልት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ገፍቼ ዝም ብሎ ሲሄድ፣ የትኛውም ሥዕል ያልሰጠኝን ደስታ ሰጠኝ። ጥንካሬውን 90ኤ አካባቢ አድርጌዋለሁ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ጎማው ይጠነክራል። መንገድ ላይ ጥርስ አያንገጫግጭም፣ ቦውል ውስጥም አይሞትም። ለስላሳ ሲሚንቶ ላይ ብቻ የምትነዱ ከሆነ 97ኤ ይሻላችኋል። ሰፈር ለሰፈር መዞር ብቻ ከሆነ ወደ 78ኤ ውረዱ።

ለነገሩ ስኬትቦርድን ከሞት ያስነሳው ራሱ ጎማ ነው። በ1960ዎቹ ጎማው ከሸክላ ቅልቅል ነበር የሚሠራው። አይነክስም፣ ይንሸራተታል፣ ይሰነጠቃል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ናስወርዚ የሚባል ሰው የዩሬቴን (የፕላስቲክ ዓይነት ነው) ጎማ ካዲላክ በሚል ስም አወጣ። መሬት የሚነክስ ጎማ ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ላሪ ስቲቨንሰን የቦርዱን ጅራት ወደ ላይ አጥፎ የፈጠራ መብቱን አስመዝግቦ ነበር። ዩሬቴንና የታጠፈ ጅራት ሲገናኙ፣ ዛሬ ስኬትቦርድ የምንለው ነገር ጀመረ።

ሰፊነቱም የመጣው ለፋሽን አይደለም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያን ድርቅ መታት። የመዋኛ ገንዳዎች ባዶ ቀሩ። ልጆቹ አጥር እየዘለሉ ገቡባቸው። ግድግዳው ላይ ሲወጡ ግን ያኔ የነበረው ጠባብ ቦርድ እግር አይችልም፣ ይወላገዳል። አሥርቱ ሲያልቅ ቦርዱ ሰፍቶ 10 ኢንች ደረሰ።

ይህን ታሪክ ድሮም አውቀዋለሁ። እግሬ የገባው ግን አሁን ቦውል ውስጥ ነው። ግድግዳውን ስወጣ የእግሬ ጣቶችም ተረከዜም ከቦርዱ አይወጡም። ክብደቴን ወደ ተረከዝ ሳዞር ቦርዱ እንደ ጀልባ ቀስ ብሎ፣ ሰፊ ቅስት ሠርቶ ይዞራል። በጠባቡ ቦርዴ እዚያው ቦታ ላይ ሁሌ እግሬን አስተካክል ነበር። በዚህኛው አንዴ ከቆምኩ ቆምኩ ነው። መዞር፣ መንሸራተት፣ ዝቅ ብሎ እጅ መሬት አስነክቶ ቦርዱን ማሽከርከር የሱ ሥራ ነው። ይህ የመጨረሻው ‘በርት’ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከሃዋዩ ሰርፈር ከላሪ በርትልማን ነው።

ኦሊ፣ ማለትም ቦርዱን በእጅ ሳይይዙ ከእግር ጋር ይዞ መዝለል፣ ሌላ ነገር ነው። እንነጋገር ከተባለ ያስቸግራል። አለን ጌልፋንድ ኦሊን ያመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ቦውል ውስጥ ነው። ሮድኒ ማለን በ1982 ጠፍጣፋ መሬት ላይ ሠራው። የማለን ቦርድ ግን የፍሪስታይል ነው፤ ትንሽና ጠባብ። በዚህኛው ላይ ጅራቱን ትመታለህ፣ የፊት እግርህን ወደ አፍንጫው ትጎትታለህ፣ አፍንጫው የለም። ሦስት አራት ኢንች ናት ያለችው። ከመንገድ ጠርዝ በላይ ለመዝለል ከፈለጋችሁ ጉልበት ያስፈልጋል። ኪክፍሊፕማ፣ ቦርዱን አየር ላይ በእግር ማገልበጡን፣ እርሱት። የሚሠሩበት አሉ፣ አይቻለሁ። እኔ ጉልበቴን ለሌላ ነገር እፈልገዋለሁ።

ጅማሬ ላይ ያማረረኝ ሌላው ነገር ጎማው ከእንጨቱ ጋር መነካካቱ ነው። 60 ሚሊ ሜትር ጎማ፣ ላላ ያለ ትራክ፣ ጠበቅ ያለ መዞሪያ፤ ሦስቱ ሲገናኙ ጎማው ቦርዱን ይነክሳል፣ ቦርዱ በድንገት ይቆማል። ከትራኩ ሥር 3 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ንጣፍ ነበር ያስገባሁት። አልበቃም። ወደ 6 ሳሳድገው ቆመ። ቦርዱ ከመሬት ትንሽ ከፍ ስለሚል ለመግፋት ጉልበትን ሸብረክ ማድረግ ይጠይቃል። የትራኩን ጎሚኒ ከማጥበቅ ግን ይህ ይሻላል። ትራኩ ከጠበቀ ይህ ቦርድ ሰፊ ጣውላ ነው፣ ሌላ ምንም።

ኩሽኔታው ላይ ብዙ አልልም። መጠኑ ያው 608 ነው፤ ውጭው 22 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው 8። ለአሮጌ ጎማም ለአዲስም ያው ነው። ውኃ አታስነኩት፣ ሲቆሽሽ ፈትታችሁ እጠቡት፣ ዘይት ጠብ አድርጉለት። አቤክ የሚባለው የኩሽኔታ አሠራር ደረጃ ቁጥር ስኬትቦርድ ላይ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም።

ክብደቱ? ከባድ ነው። ሐዲዱ፣ መከላከያው፣ ትላልቆቹ ጎማዎች፣ ሰፊው ትራክ ተደምረው በእጅ ይዞ ደረጃ መውጣት ስፖርት ነው። ልጅ ሆኜ ቀኑን ሙሉ ብብቴ ሥር ይዤ እዞር እንደነበር ሳስብ ይገርመኛል።

ስለ ሥዕሉ ደግሞ። ያ ዘመን የሠዓሊዎችም ነበር። ቬርነን ኮርትላንት ጆንሰን ለቦርድ አምራቹ ለፓወል ፔራልታ የሣላቸው አጽሞችና ዘንዶ፣ ጂም ፊሊፕስ በ1985 ለሌላው አምራች ለሳንታ ክሩዝ የሣለው የሚጮኸው እጅ፤ እነዚህን የሚያስታውስ ሰው የዘመኑን ዝነኛ ስኬተሮች ቶኒ ሆክንና ስቲቭ ካባሌሮን ሲነዱ አንዴም ሳያይ ሊሆን ይችላል። ሥዕሉ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። የኔም ህትመት የድሮው ዓይነት ነው፣ ቀለሙ በስክሪን የተጫነ፣ በጣት ሲዳሰስ የሚታወቅ። ቆንጆ ነበር። ነበር ያልኩት አሁን ስለሌለ ነው። መሀሉ የቦውል ጠርዝ ላይ ሲጋጥ ተላጠ፣ ትራኮቹ መካከል ያለው ዓይንና ጥርስ ጠፋ፣ የቀረው ጫፍ ጫፉ ነው። ሐዲዶቹ ዋና ሥራቸው ሥዕሉን ማዳን ነበር። ጎን ለጎኑን አዳኑ፣ መሀሉን አልቻሉም።

መጀመሪያ ላይ አንጀቴን በልቶኛል። እያንዳንዱ ጭረት ሲጨመር ቦርዱን ገልብጬ አይ ነበር። ከዚያ መገልበጡን ተውኩት። ቀስ በቀስ ደግሞ አነዳዴ ተለወጠ። ጠርዝ ላይ ለመጋጥ ማመንታት ቀረ። ለመግዛት ያበቃኝ ነገር ሄዶ፣ ከገዛሁ በኋላ ያገኘሁት ቀረ። ከሁለቱ የትኛው ገንዘቤን እንደሚያወጣ ዛሬ ብትጠይቁኝ መልሴ ፈጣን ነው። የልጅነት ትዝታዬን የቀሰቀሰውም ሥዕሉ አልነበረም። የጎማው ድምፅ ነው፣ የጅራቱ ፕላስቲክ አስፋልት ሲነካ የሚያወጣው ክርክር ነው፣ ሁለቱን እግር አስፍቶ የመቆም ነገር ነው። ይህን ፎቶ አይሸጥላችሁም።

አንድ ጊዜ አንድ ወጣት “ጋሼ፣ ልሞክረው?” አለኝ። ሰጠሁት። ሊያገለብጠው ሞከረ፣ ቦርዱ ቁርጭምጭሚቱን መታው፣ ሳቅን። ተናዶ ይመልስልኛል ስል ቦውሉን መዞር ጀመረ። አንዴ፣ እንደገና፣ እንደገና። መዞሩን ወዶታል። ሲመልስልኝ “ይሄ ነገር አይቸኩልም አይደል?” አለኝ። ከኔ የተሻለ ግምገማ ነው። በነገራችን ላይ ሰፋ ያለ ቦርድ ቦውል ውስጥ ዛሬም ቦታ አለው። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ስኬትቦርድ ሲገባ አንዱ ውድድር ቦውል በመሰለ ሜዳ የሚካሄደው ፓርክ ነበር፤ እዚያ የሚወዳደሩት ከመንገድ ስኬተሮች ሰፋ ያለ ቦርድ የመምረጥ ልማድ አላቸው። 10 ኢንች ግን አይደርሱም።

ስለ መውደቅም ልበል። ድሮ ስወድቅ ተነስቼ እሮጥ ነበር። አሁን ስወድቅ መጀመሪያ ተኝቼ እቆጥራለሁ፤ እጅ፣ ጉልበት፣ ወገብ። ሄልሜትና የጉልበት መከላከያ ሳላደርግ ቦውል አልገባም። የጉልበቱ መከላከያ ፊቱ ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው ይሁን። ስትወድቁ በጉልበት ተንሸራታችሁ እንድትወርዱ ነው የተሠራው፣ የዚያ ዘመን የራምፕ (የተጠማዘዘ መወጣጫ) ልጆች እንዲያ ነው የዳኑት። ሰፊው ቦርድ ያረጋጋል፣ ከመውደቅ ግን አያድንም።

ባለፈው ሐዲዶቹን ፈታኋቸው። የሚያድኑት ሥዕል የለም፣ ለምን እሸከማቸዋለሁ? ቦርዱ ቀለለ፣ ሲረገጥም ትንሽ ሕይወት ያለው ሆነ። አንዳንዶች ለመያዣ ይጠቅማሉ ይላሉ፤ እኔ አየር ላይ ሆኜ የምይዘው ነገር የለኝም። የጅራቱን መከላከያ ግን አልነካውም። እኔ የማቆመው ጅራቱን መሬት ላይ እየጎተትኩ ነው፣ ያለ እሱ እንጨቱ ተልጎ እንደ ምላጭ ይሳሳል። አሁን ያለው ፕላስቲክ ግማሹ አልቋል፣ ቅያሪ አዝዣለሁ። ቦርዱ ራሱ ሲሰበር ደግሞ ያንኑ ቅርጽ እገዛለሁ፣ በአዲሱ የቀዳዳ ልክ የተበሳውን፣ ሥዕል የሌለበት ካገኘሁ ሥዕል የሌለበትን።