ፊደሎቹን ለመለሰችልን የዓይን ባለሙያ

«እማዬ፣ ፊደሎቹን ወሰዷቸው እንዴ?»

ልጄ ይህን ያለችው ቀኝ ዓይኗ ተሸፍኖ በግራው ብቻ ሰሌዳውን እንድታይ ስትጠየቅ ነው። ከደቂቃ በፊት በቀኙ እስከ ታችኛው መስመር ለቀም ለቀም አድርጋ አንብባዋለች። ተራው የግራው ሲሆን ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ በመሸፈኛው ጠርዝ ልታጮልቅ ሞከረች። ባለሙያዋ አልተቆጣቻትም። አጠገቧ ቁጢጥ ብላ «አልወሰድናቸውም የኔ ቆንጆ፣ እዚያው ናቸው» አለቻት። እኔ ግን ጉልበቴ ከዳኝ።

ስድስት ዓመቷ ነው። ሸውራራ አይደለችም፣ ዓይኗ አይቀላም፣ ስትሮጥ ዕቃ አትገጭም። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ወስጃት ነበር። ሁለቱንም ዓይኗን እንደከፈተች ፊደል አስነብበው «ደህና ናት» ብለው መለሱን። ጥሩው ዓይን ለሁለቱም ሲያይ ኖሯል። እሷስ ብትሆን ከምን ጋር አነጻጽራ ትንገረን?

ባለሙያዋ በዚያ አላበቃችም። ጠብታ አድርጋላት ብሌኗ እስኪሰፋ፣ በዓይኗ ውስጥ ያለው ሌንስም ዘና እስኪል ጠበቀች። የልጆች ሌንስ ተለጣጭ ስለሆነ እየተጣጣረ ጉድለቱን ይደብቃል። ከዚያ በትንሽ መብራት ከዓይኗ የሚመለሰውን ብርሃን እያየች ለካች። ልጄ አንድ ቃል መናገር አላስፈለጋትም። የመነጽር ቁጥሯ ቀኙ ፕላስ 1፣ ግራው ፕላስ 4.50 ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉም የማልረሳው ቁጭ ብላ ያስረዳችኝን ነው። ወረቀት አወጣችና ክብ ሳለች። ብርሃን የሚገባው በፊት ለፊቱ ጥርት ያለ ሽፋን፣ በኮርኒያ ነው። ብርሃኑን በብዛት የሚያጥፈውም እሱ ነው። ከዚያ በብሌኑ ያልፍና ሌንሱ የቀረውን ያስተካክላል። ምስሉ ከኋላ ብርሃን በሚቀበለው ሽፋን፣ በሬቲናው ላይ ተገልብጦ ያርፋል፣ የሚያቃናው አእምሮ ነው። የአዋቂ ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 1 ሚሊሜትር ብቻ ቢረዝም ወይም ቢያጥር በመነጽር ቁጥር መለኪያው ወደ 3 ዲዮፕተር የሚጠጋ ልዩነት ያመጣል። አንድ ሚሊሜትር! ከረዘመ ምስሉ ሬቲናው ጋ ሳይደርስ ይሰበሰባል፣ ሩቁ ይደበዝዛል። ካጠረ ደግሞ ምስሉ ከሬቲናው ኋላ ይውላል። የልጄ ግራ ዓይን አጠር ያለ ነው። ሁለቱ ዓይኖች ለማጥራት የሚጥሩት እኩል ስለሆነ ቀኙ ሲጠራለት ጥረቱ እዚያ ላይ ይቆማል፣ ግራው እንደደበዘዘ ይቀራል። አእምሮም ከደብዛዛው የሚመጣለትን መቀበል ይተዋል። ሰነፍ ዓይን የሚሉት ይህን ነው። ስሙን አልወደውም። ዓይኑ አልሰነፈም፣ ሰሚ ነው ያጣው።

መጀመሪያ ያዘዘችው መነጽር ብቻ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ። ቆይቶ ቀኙን ዓይን በቀን ለ2 ሰዓት መሸፈን መጣ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ልጄ ሽፋኑን ትልጠዋለች፣ ታለቅሳለች፣ እኔም ዞር ብዬ አለቅሳለሁ። ለባለሙያዋ ስደውልላት «በዚያ 2 ሰዓት ቀለም ትቀባ፣ ነጥብ ታገናኝ፣ ዓይኑ ሥራ ይኑረው» አለችኝ። በነጋታው ራሷ ደውላ እንዴት እንደዋለች ጠየቀችኝ። አንጀቴን አራሰችው። አሁን 5 ወር ሆነን። ባለፈው ቀጠሮ ግራው ዓይን ብቻውን ከታች ሁለተኛውን መስመር አነበበ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ የተደረሰበት ልጅ በተሻለ ይመለሳል፣ ካለፈም ግን ተስፋ አይቆረጥም ብላኛለች።

እግረ መንገዷን እኔንም አየችኝ። ስልኬን ክንዴን ዘርግቼ ማንበብ ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። ከ40 ወዲያ ሌንሱ እየደደረ ስለሚሄድ ለማንም የማይቀር ነው፣ የማንበቢያ መነጽር ይበቃዋል። የዓይን ግፊቴንም ለካች። ግላኮማ፣ ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር የሚያያዘው የዓይን ነርቭ በሽታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ሳይኖረው እይታን ከዳር ከዳር ይበላል፣ የበላውንም አይመልስም።

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። እጇ ይባረክ። ወላጆች፣ ዓይንን አንድ በአንድ እየሸፈነ የሚያይ፣ ልጅን ጠብታ አድርጎ የሚለካ፣ ጥያቄ የማይሰለቸው ባለሙያ ፈልጉ። ቤት ውስጥም እየተጫወታችሁ ሞክሩት። አንዱን ዓይኑን ስትሸፍኑት ዝም ብሎ፣ ሌላኛውን ስትሸፍኑት እጃችሁን የሚገፋ ልጅ ካለ ነገ ዛሬ ሳትሉ ውሰዱት። የእሷን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወዲያው እልክላችኋለሁ።