ለደረቁ የማኩላ መድከም፦ ብርሃን ወይስ ክኒን?

በዕድሜ የሚመጣው የማኩላ (ከዓይን ጀርባ ያለው፣ ጥርት አድርጎ የሚያሳየን ማዕከላዊ ክፍል) መድከም «ደረቁ ዓይነት» ከተባለ፣ ሁለት ሕክምናዎች ይነሳሉ፦ ብርሃንና ክኒን።

የብርሃን ሕክምናው አዲስ ነው። ቫሌዳ የተባለውን መሣሪያ የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። መርፌ የለውም፤ ለአንድ ዓይን አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አሰልቺው ምልልሱ ነው፦ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ውስጥ 9 ጊዜ፣ ከዚያ በየአራት ወሩ እንደገና። ውጤቱስ? በዋናው ጥናት፣ በ13ኛው ወር የታከሙት ዓይኖች በእይታ መለኪያ ሰሌዳው ላይ በአማካይ 5.4 ፊደል ጨምረው አነበቡ። የይስሙላ ሕክምና ያገኙትም 3 ፊደል ጨምረዋል! ልዩነቱ እንግዲህ ሁለት ፊደል ተኩል ገደማ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለዚያ ሁሉ ምልልስ ትንሽ ነው።

ኤሬድስ 2 የሚባለው የቫይታሚንና የዚንክ ክኒን እይታ አይጨምርም። ሥራው ማዘግየት ነው። መካከለኛ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰው፣ ከኤሬድስ 2 በፊት የነበረው የመጀመሪያው ቅንብር በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ከባዱ ደረጃ የመሸጋገርን አደጋ 25 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ገና ለጀማሪ ጥቅሙ አልታየም። አጫሽ ከሆናችሁ ቤታ ካሮቲን ያለበትን አሮጌውን እንዳትነኩ፤ የሳንባ ካንሰር ጣጣ አለው።

ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ይቻላል። ቀጥ ያለ መስመር ድንገት ተጣሞ ከታያችሁ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ዓይን ሐኪም፤ ወደ እርጥቡ ዓይነት (ከማኩላ ሥር ደም ወይም ፈሳሽ ወደሚፈስበት) ተቀይሮ ከሆነ ሕክምናው መርፌ ነው።