ያገለገለ ጃኩዚ ለመኖሪያ ቤት፦ ከቱሉ ዲምቱ የተጻፈ ግምገማ

ያገለገለ ጃኩዚ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሜ አጥብቄ የምመክረው፣ ገንዳው ውኃ ተሞልቶ፣ ሞቆና ሞተሩ እየሠራ ሳያይ ቀብድ እንኳ እንዳይከፍል ነው። እኛ የገዛነው አምስት ሰው የሚይዝ የአክሪሊክ ገንዳ ሲሆን፣ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ዜጋ ቤት የተገኘ ነው። እስካሁን ያለ እንከን እያገለገለን ስለሆነ የወጣበትን ገንዘብ የሚመጥን ዕቃ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

ለመግዛት ያነሣሣን የእናታችን የጉልበት ሕመም ነው። ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲቆዩ ሕመሙ ይቀልላቸዋል፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችበት ፍል ውኃም የዘወትር ደንበኛ ነበሩ። ይሁን እንጂ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ፣ የቃሊቲን መንገድ መጨናነቅ ታግሶ እስከዚያ መድረስ ለታመመ ጉልበት ራሱን የቻለ ሥቃይ ሆኖባቸው ነበር።

ከዚህኛው በፊት በአንድ ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ ያየነው ገንዳ ከላይ ሲታይ አዲስ ይመስል ነበር። ሻጩ ውኃ እንድንሞላበት አልፈቀደም፤ የጎን መከለያውን ለመፍታት ግን ተስማማ። መከለያው ሲነሣ ቧንቧዎቹን የሸፈነው ቢጫ ፎም በአንድ በኩል ጠቁሮ፣ በጣት ሲጫኑት ውኃ ያቁር ነበር። ፎም ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ የት ላይ እንደሚያፈስ ለማወቅ ፎሙን ጥቂት በጥቂት እየቆረጡ መፈለግ ስለሚያስፈልግ፣ የጥገናው ድካም ከቅናሹ ይበልጣል ብለን ትተነው ሄድን። ክዳኑንም ማንሣት ተገቢ ነው፤ ከመጠን በላይ የከበደ ክዳን ውስጡ ውኃ ጠጥቷል ማለት ስለሆነ ሙቀት አይዝም።

ቀጥሎ መታየት ያለበት በሞተሩና በመቆጣጠሪያው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ) ሲሆን፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ገንዳዎች ለ60 ኸርዝ የተዘጋጁ ናቸው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክል ይሆናል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ በመሆኑም የ60 ኸርዝ ሞተር እዚህ ሲሠራ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይቀንሳል፣ ከልክ በላይም ሊግል ይችላል። የገዛነው ገንዳ ለአውሮፓ የተሠራ በመሆኑ ይህ ችግር አልነበረበትም። አብሮን የሄደው ኤሌክትሪሻን የማሞቂያውን ሬዚስታንስ ፈትቶ ሲያሳየን በቦይለር ውስጥ የሚይዘው ዓይነት ስስ ነጭ ጨው ብቻ ነበረበት። ቤት ሲገጥመውም ኧርዝ አስቀብሮ፣ ለብቻው መስመር ስቦ፣ በ30 ሚሊአምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከር አስገባለት። ሰው እርጥብ ሆኖ ለሚገባበት ዕቃ ይህን ብሬከር ለመቆጠብ ማሰብ በሕይወት መቀለድ ነው።

በእኛ ሰፈር ከዕቃው ይልቅ ያስጨነቀን መሬቱ ነበር። ገንዳው 1,100 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል፤ የራሱና የሰዎቹ ክብደት ሲጨመር ከአንድ ተኩል ቶን ያልፋል። አካባቢያችን በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ መረሬ አፈር ስለሆነ፣ ሊሾ ብቻ ቢደረግበት ወለሉ ተሰንጥቆ ገንዳውን ባዘመመው ነበር። ጥቁሩን አፈር አስወጥተን፣ ገረጋንቲ አስሞልተንና አስጠቅጥቀን፣ በላዩ ፌሮ ያለው ኮንክሪት አስፈሰስን። ይህ ሥራ፣ ከአይሱዙ ኪራይና ከጫኝና አውራጅ ጋር፣ የገንዳውን ዋጋ ግማሽ ተጠግቷል፤ ስለዚህ በሻጩ ዋጋ ብቻ በጀት የሚይዝ ሰው መሐል መንገድ ላይ መቆሙ አይቀርም።

ስለ መብራት ፍጆታ ብዙዎች ይጠይቁናል። 1,100 ሊትር ውኃን ከ18 ወደ 38 ዲግሪ ለማድረስ 26 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል፤ በባለ 3 ኪሎዋት ማሞቂያ ዘጠኝ ሰዓት ያህል መሆኑ ነው። ማታ አብርተን ጠዋት እንገባበታለን። አንዴ ከሞቀ በኋላ መብራት ቢጠፋም ክዳኑ በደንብ እስከገጠመ ድረስ ሙቀቱ ቶሎ አይወርድም። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ባይኖረን ኖሮ መሙላቱ አስቸጋሪ ይሆን ነበር።

ንጽሕናው ግን ቸል የሚባል አይደለም። ያገለገለ ገንዳ በቧንቧዎቹ ውስጥ የቆየ ውኃና አተላ ይዞ ስለሚመጣ፣ መጀመሪያ ሞልተን፣ ክሎሪን አብዝተን፣ ሞተሩን አዙረን ሙሉ በሙሉ አፈሰስነው። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የተባለው የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ስለሚራባ፣ ክሎሪኑን በሊትር ከ3 ሚሊግራም በታች፣ የውኃውን አሲድነት የሚለካውን ፒኤችም ከ7 እስከ 7.8 ካለው ውጭ እንዲሆን አንፈቅድም፤ በመለኪያ ወረቀት ከመግባታችን በፊት እናየዋለን። ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ አያልፍም። ነፍሰ ጡሮችና የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ባይገቡ ይሻላል፤ እናታችንም አስቀድመው ጠይቀው ነው የጀመሩት።

የመለዋወጫ ነገር ደካማ ጎኑ ነው። የሞተር ጎሚኒና ክሎሪን ከመዋኛ ገንዳ ዕቃ አቅራቢዎች ይገኛል፤ በልኩ የተሠራ ፊልተር ግን በቀላሉ አይገኝም። ሻጩ ሁለት ያልተነኩ ፊልተሮች ባይጨምርልን ኖሮ በጠራው ዋጋ አንስማማም ነበር።