ለኋላ ሾክ የምትሆነው የእጅ ፓምፕ

ከፊትም ከኋላም ሾክ ያለው ማውንቴን ሳይክል ካላችሁና የኋላው ሾክ በአየር የሚሠራ ከሆነ ይቺን ፓምፕ ግዙ። ጓንቱም አዲሱ ፔዳልም ይደርሳል። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ፈልጌ ስላጣኋት ከውጭ በመጣ ዘመድ ነው ያስመጣኋት።

ስትታይ የከብት ሐኪም መርፌ ነው የምትመስለው። አጭር ቱቦ አላት፣ የአየሩን ግፊት የሚያሳይ ክብ ጌጅ አላት፣ ከጌጁ ሥር ደግሞ አየር በጥቂቱ የምታስተነፍስ ቁልፍ። ቀጭን ስለሆነች በአንድ ግፊት የምታስገባው አየር ትንሽ ነው፤ ጥቅሟም እሱ ነው። የማውንቴን ሳይክል ጎማ 25 ወይም 30 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃዋል፣ የኋላ ሾክ ግን 150፣ 200፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ያውም በጠባብ ክፍል ውስጥ።

ጎሚስታ ቤት አስነፋዋለሁ የሚል አይጠፋም። ተው! ያ ኮምፕረሰር ለመኪና ጎማ ነው የተሠራው። አፉን ከቫልቩ ሲያላቅቁት ከገባው አየር ብዙው ተስ ብሎ ይወጣል፣ ስንት እንደቀረ ማንም አያውቅም። ይቺ ግን ቫልቩ ላይ ተጠምዝዛ ነው የምትታሰረው። ስትፈቷት እሷም ተስ ትላለች፣ አትደንግጡ፤ የሚወጣው ቱቦው ውስጥ የቀረው ነው። መልሳችሁ ብታስሯት ደግሞ ጌጁ ቀንሶ ያሳያል። ሾኩ ቱቦውን ስለሞላው ነው እንጂ አፍስሶ አይደለም።

አነፋፉ እንዲህ ነው። ክብደታችሁን ከነልብሳችሁ ከነቦርሳችሁ በ2.2 አባዙት። 70 ኪሎ ከሆነ 154 ይመጣል፣ በዚያ ጀምሩ። ግምት ነው፣ እንደ ፍሬሙ አሠራር ይለያያል። ሾኩ ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ግን እንዳታልፉ። ነፍታችሁ ስታበቁ ኮርቻው ላይ ደጋግማችሁ ጫን ጫን በሉበት፤ ውስጡ ሁለት የአየር ክፍል ስላለ አየሩን እስኪካፈሉ ድረስ ጌጁ ላይ የምታዩት ቁጥር አይታመንም። ከዚያ ግድግዳ ተደግፋችሁ እንደምትነዱት ሆናችሁ ተቀመጡ፣ ዘንጉ ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት ወደ ሾኩ አካል አስጠጉና ሳትነቀንቁት ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ቀለበቷ ስንት እንደተጓዘች በማስመሪያ ለኩ። ያ በክብደታችሁ ሾኩ የሰመጠው ልክ ነው። የሾኩ ሙሉ ጉዞ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ 15 ሲደርስ 30 በመቶ ነው፣ ለእኛ ኮረኮንች እኔ የምወደው እሱን ነው። አየር ጨምራችሁ 12 ላይ ብታቆሙት ዳገት ላይ ይሻላል፤ ወደ አንኮበር አቅጣጫ ባሉት የገጠር መንገዶች ላይ ግን ወገባችሁን ያማችኋል። አየር ብዙ ከጨመራችሁ ሾኩ ሲመለስ ይፈጥናል፣ የአመላለሱን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ቀዩን የሪባውንድ ማዞሪያ ትንሽ ጠበቅ አድርጉት።

ቅሬታዬ ጌጁ ላይ ነው። መስመሮቹ በ10 በ10 የተሰመሩ፣ መርፌው ወፍራም። 5 ልጨምር ብትሉ በዓይን ግምት ነው። ከጓደኛዬ ፓምፕ ጋር ስናስተያየው ደግሞ ሁለቱ አልተስማሙም። ስለዚህ ቁጥሩን ለሌላ ሰው አታውሱ፣ የሌላም አትዋሱ። ቀለበቷ የምትለው ይበልጣል፤ ጌጁ የሚጠቅመው ትናንት በዚሁ ፓምፕ ስንት ላይ እንደነበር ለማስታወስ ነው።

እኛ አገር የሚያስቸግረው ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጠዋቷን የሚያውቅ ያውቀዋል። በ8 ዲግሪ 180 ነፍታችሁ፣ ጣርማበርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋሮቢት 30 ዲግሪ ላይ ብትለኩት 12 ያህል ጨምሮ ታገኙታላችሁ። ሾኩ ድንጋይ ሆነብኝ የሚለው ሰው ከፍታው ነው ይላል። ከፍታውማ ብቻውን ቢሆን እንዲያውም ወደታች ሲወረድ 2 ያህል ይቀንሰው ነበር፣ የሚያጠነክረው ሙቀቱ ነው። ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ፓምፗን ቦርሳ ውስጥ ክተቷት፣ ቀላል ናት፣ እዚያው ደርሳችሁ ቁልፏን ነካ ነካ አድርጋችሁ ታስተነፍሱታላችሁ።

ስታስቀምጧት ከአቧራ ጠብቋት። የቱቦው አፍ ውስጥ ያለችው ትንሽ የጎማ ቀለበት አሸዋ ከገባባት አየር ማሳለፍ ትጀምራለች፣ ለብቻዋ ደግሞ በቀላሉ አትገኝም። የኋላ ሾካችሁ ባለሞላ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ፣ ምንም አትሠራላችሁም። የቀራችሁት ደግሞ አንድ ላይ የምትነዱ ከሆነ አዋጡና አንድ ግዙ፣ በየቀኑ የምትፈለግ ዕቃ አይደለችም።