ካናሪዎቼና ባለ 900 ብሩ ፓኬት

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለችው ልብስ ስፌት ቤቴ ካናሪ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ዘማሪ ወፎች አሉኝ። ወንዱ ወርቁ፣ ሴቷ ብርቱካን ይባላሉ። ደንበኞች ወርቁ ሲዘምር ከሰሙ ልብሳቸውን ተቀብለውም ቶሎ አይወጡም። የካናሪ ምግብ ግን ጎንደር ላይ እንደ ልብ አላገኝም። እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ታመጣልኛለች። አሁን ያመጣችልኝ ከውጭ የገባ ባለ 1 ኪሎ ፓኬት ነው፤ 900 ብር ወጥቶበታል። ስሙን አልጠራም።

ፓኬቱ ሲያዩት ያምራል። ካሮትና ፖም ተስሎበታል፤ «ሙሉ ምግብ፣ በቫይታሚን የበለጸገ» ይላል። ነጭ ጨርቅ አንጥፌ ዘረገፍኩት። የሚበዛው የካናሪ ዘር የሚባለው ነው፤ ጫፉ ሾል ያለ፣ የገብስ ገለባ የመሰለ፣ የሚያብለጨልጭ ፍሬ። ቀጥሎ ጎመን ዘር፣ ተልባ፣ የአጃ ክክ፣ ቀይና አረንጓዴ የብስኩት ፍርፋሪ። ደግሞ ኑግ! የእኛው ኑግ። የትውልድ አገሩ የኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ በሳይንስ ስሙ ውስጥ እንኳ «አቢሲኒካ» የሚል ቃል አለ። ሳየው ደስም አለኝ፣ ቆጨኝም። ቅዳሜ ገበያ በጣሳ ይሰፈርልኝ የለ?

ዋናው ቅሬታዬ ቫይታሚኑ ላይ ነው። ካናሪ ፍሬውን እንዳለ አትውጥም። ብርቱካንን ቀረብ ብዬ አየኋት። ፍሬውን በምንቃሯ ጠርዝ ትይዛለች፣ በምላሷ ታዞረዋለች፣ ቀጭ ታደርገዋለች። ገለፈቱ ይወድቃል፤ የምትውጠው ውስጡን ብቻ ነው። ይህ ድብልቅ ቫይታሚኑ ከላይ የተቀባ ነው። አንድ ቀን ከኬጁ ስር ነጭ ወረቀት አነጠፍኩ። ማታ ገለፈቱን በጣቴ ሳሸው ቢጫ ዱቄት ያዘኝ። የከፈልኩበት ቫይታሚን ወለል ላይ ነበር።

ወርቁ ደግሞ መራጭ ነው። መጀመሪያ ኑጉን ይለቅማል፣ ከዚያ ጎመን ዘሩን። ብስኩቱን ዞር ብሎም አያየው። ኑግ ከመቶ 40 ገደማ ዘይት ነው። ክብደቷ 20 ግራም ለማይሞላ፣ ኬጅ ውስጥ ለምትውል ወፍ ይህ ከባድ ነው፤ ትደልባለች።

ዘር ካልሲየሙ ትንሽ ነው፣ ቫይታሚን ኤ ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። ይህን የተማርኩት በብርቱካን ነው። ባለፈው የካቲት እንዲህ ያለ ድብልቅ ብቻ እየሰጠኋት ሳለ ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል ጣለች። ላነሳው ስል ጣቴ ገባበት። በጣም ነው ያዘንኩት። እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ቢቀር ኖሮ እሷንም አጣት ነበር።

ትኩስነቱንም ፈተንኩ። 20 የካናሪ ዘር ቆጥሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩ። በስድስተኛው ቀን የበቀለው 8 ብቻ ነው። ቆይቷል ማለት ነው። ኑጉን አልቆጠርኩም፤ አሜሪካን የመሰሉ አገሮች የአረም ዘር እንዳይገባባቸው ኑግ በሙቀት እንዲታከም ስለሚያስገድዱ፣ ትኩስም ሆኖ ላይበቅል ይችላል።

ይሁንና አልጣልኩትም። ንጹህ ነው፤ ነቀዝም ሻጋታም አላየሁበትም። ጠዋት ጠዋት ለእያንዳንዳቸው አንድ የሻይ ማንኪያ እሰጣለሁ፤ ሳይጨርሱ አልጨምርም። ከጎኑ በደንብ የታጠበ የአበሻ ጎመን ቀጭን አድርጌ ከትፌ፣ ወይም ካሮት ፈቅፍቄ አስቀምጣለሁ። በሳምንት ሁለቴ የተቀቀለ እንቁላል ቅንጣት ታህል። ቅርፊቱን ቀቅዬ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ በሙቀጫ እወቅጠዋለሁ። ብርቱካን እሱን ስታይ ሌላውን ትታ ትሮጣለች። አቮካዶ ግን እባካችሁ እንዳትሰጡ፤ ለወፍ መርዝ ነው፣ ይገድላል።

ኑግ ከፓኬት መግዛት ትቻለሁ። ከቅዳሜ ገበያ የማመጣውን አበጥሬ፣ አጥቤ፣ አድርቄ በሳምንት ሁለት ቀን ቁንጥር አደርግላቸዋለሁ። ለእህቴም ነግሬያታለሁ፦ ከእንግዲህ ያልተቀላቀለ የካናሪ ዘር ብቻ ፈልጊልኝ። እሱ ከስንዴ የበለጠ ፕሮቲን አለው፣ ቅባቱም ከኑግ በጣም ያነሰ ነው። የታሸገበት ቀን ካልተጻፈበት ግን ይቅር ብያታለሁ።